ያንተ ክፍል ማሞቂያ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔም አባዬም ደህና ነን፤ ሰላምታችን ከሞቀ ቤት ይድረስህ። አዎ፣ ከሞቀ ቤት! አከራያችን የሙቀት መቆጣጠሪያውን ምድጃው አጠገብ ሰቅሎት ኖሯል፤ እራት በሠራሁ ቁጥር ቤቱ የሞቀ እየመሰለው ማሞቂያውን ያጠፋብን ነበር። ሰውዬውን መውጫ መግቢያ አሳጥቼ መቆጣጠሪያውን ወደ ሳሎን አስዛወርኩት። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንኩ፤ ለባዶ ክፍል ምን ያደርጋል ብዬም ያንተን ክፍል ማሞቂያ ዘጋሁት። አሁን ቤታችን በባዶ እግር ያስኬዳል።

አባዬ ብቻ ካፖርቱን አላወልቅም ብሏል። ማሞቂያው ላይ ተለጥፎ ተቀምጦ፣ "አንቺ ልጅ፣ መስኮት ከፍተሽ ነው እንዴ?" ይለኛል። እራትም ሞቅ ሲለኝ እበላለሁ እያለ ሳይነካው ያድራል። የማሞቂያ ጠጋኝ ሁለቴ ጠራሁ። የአባዬን ክፍል ማሞቂያ ፈታትቶ አየ፤ አባዬንም ቆም ብሎ አየውና፣ "እህቴ፣ ማሞቂያው ምንም አልሆነም" አለኝ። ሥራውን አያውቅም! ነገ ሌላ ጠጋኝ አመጣለሁ፤ እህትህን ታውቃት የለ?

በል ደህና ሁንልኝ፤ ስለ እኛ ምንም ሐሳብ አይግባህ።

እህትህ

እንዳልረሳው፦ ያንተን ክፍል ማሞቂያ ዛሬ ጠዋት መልሼ ከፍቼዋለሁ።