ወርድና ቁመት፦ የመጋረጃ ሰፊዋ የእትዬ ሜትር የሕይወት ታሪክ

እህታችን፣ ብዙዎቻችሁ እትዬ ሜትር እያላችሁ የምትጠሯቸው መጋረጃ ሰፊ፣ ከቤት ቀለም ቀቢ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ከዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት በፊት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ክፍሏ አንድ መስኮት ነበራት፤ መጋረጃ ግን አልነበራትም። አላፊ አግዳሚው ምን እንደተበላና ማን እንደተቆጣ እያየ ያልፍ ነበር። እህታችን በዘጠኝ ዓመታቸው እናታችን ያመጡትን ያረጀ የሆስፒታል አንሶላ ቆርጠው፣ ጠርዙን በእጃቸው ሰፍተው፣ በሁለት ሚስማርና በገመድ ሰቀሉት። የሆስፒታሉ ማኅተም መሃል ለመሃል ስለታየ ጎረቤቱ ለወራት "ደግሞ ዛሬ ማን ታመመባችሁ?" እያለ ሲቀልድ ከረመ። እሳቸው "ይሳቁ፣ ከውጭ ሆነው እስከሳቁ ድረስ" ማለታቸውን እናታችን እስኪሞቱ ድረስ ይናገሩ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሟች ሲሞት ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ታጋሽ እንደሚሆን ያውቃል። ነገር ግን እህቱ ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ "የማላውቃትን ሴት ጽፈህ እንዳትቀብረኝ" ብለው አስጠንቅቀውታል። ስለዚህ የሚያነበው ሰው አንድም መስመር እንዳይዘል አደራ ይላል።

እህታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። አባታችን ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ በኋላ ግን ትምህርቱ ቀረና በአሥራ አምስት ዓመታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፋበት ቤት ገቡ። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ ተከሉ፣ ኪስ ሰፉ፣ ቆይተውም መቀስ ተሰጣቸው። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን የመጋረጃ ሱቅ ከፈቱ። ሜትሩን ጠዋት ሲነሡ ካንገታቸው ያጠልቁታል፤ ሲተኙ ብቻ ያወርዱታል። ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። የሱቃቸው ሕግ አንድ ነበር፤ ሁለቴ ያልለካ መቀስ አይነካም። ይህንን ለሰፊም፣ ለቆራጭም፣ ሊጠይቃቸው ለመጣ እንግዳም ይናገሩ ነበር።

በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር አገቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ረጋ ያሉ፣ ሚስታቸው ሲጮኹ መስኮት ከፍተው ወደ ውጭ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሞላት በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። እህታችን ከዚያ በኋላ ሌላ አላገቡም። ልጃቸውን በጨርቅ ጥቅል ላይ እያስተኙ፣ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ እያስጠኑ አሳደጓት። ሁሉ ነገራቸው እሷ ነበረች። ይህን ለእሷ ሲነግሯት ግን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሱቁ አርባ መስኮት ያለው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አገኘ። እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶ አያውቅም። ልኬቱን ልጅቷ ሄዳ ወሰደች። መስኮቶቹ ሰፋፊና አጫጭር ነበሩ፤ እሷ ግን ደብተሩ ላይ ወርዱን በቁመት፣ ቁመቱን በወርድ ቦታ ጻፈች። አርባው መጋረጃ እንደዚያው ተቆረጠ፣ እንደዚያው ተሰፋ። ሲሰቀል መስኮቱን ግማሹን እንኳ አይሸፍን፤ ጫፉ ግን ወለሉን ይጠርጋል። እህታችን በማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፣ በቆራጩና በሁለቱ ሰፊዎች ፊት "ወርድና ቁመት የማትለይ ልጅ እኔ አልወለድኩም" አሉ።

ልጅቷ የራሷን ሜትር ካንገቷ አውርዳ፣ ጠቅልላ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እህታችን ለእራት ትመጣለች ብለው ጠበቁ። ለእራትም፣ ለሳምንቱም፣ ለዓመቱም አልመጣችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልመለስ አለ። ይህ ወንድማቸው "እትዬ፣ ቢደውሉላት ምናለ?" ባለ ቁጥር "ደግሞ ብሎ ብሎ እናት ልትለምን ነው?" ይሉት ነበር። በኋላ ስልኳን ቀየረች፤ መደወል ቢያምራቸውም የሚደውሉበት ጠፋ። ሆድ ይፍጀው ብለው ሥራቸው ላይ ተደፉ። እኛም ከዚያ ወዲያ ስሟን ፊታቸው ማንሣት ተውን፤ ይህ የቤተሰቡ ሁሉ ጥፋት ነው።

ዓመታት አለፉ። የተዘጋጀ መጋረጃ በየሱቁ ሲገባ ገበያው ቀዘቀዘ። ወንድማቸው የሞባይል ጥገና ሱቅ ስላለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ከፈተላቸው፤ የሰፉትን መጋረጃ ፎቶ እያነሣ ይለጥፍ ጀመር። ከፎቶው ሥር ኮሜንት የሚጽፈው ሰው በዛ፤ ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት ግን አልተቻለም። ያን ጊዜ ነው ወንድማቸው ገጹ ላይ ራሱ መልስ የሚሰጠውን ማሽን ያመጣው። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ከፎቶው ሥር የተወሰነ ቃል ሲጽፍ ማሽኑ ራሱ በግል መልእክት ይጽፍለታል፣ ስልኩን ይቀበላል፣ በደንበኛ ዝርዝር ያስገባዋል።

የመልእክቱን ቃል የሰጡት እህታችን ናቸው፦ "ውድ ደንበኛችን፣ ስለፈለጉን እናመሰግናለን። የመስኮትዎን ወርድና ቁመት፣ የመስኮትዎን ብዛትና ስልክ ቁጥርዎን ይላኩልን።" ሰውየው ሲልክ ደግሞ "ደርሶናል። ሠራተኞቻችን ይደውሉልዎታል" ይላል። ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከሦስት መስኮት በታች ላለው አይደወልም፣ ለብቻው ይቀመጥ። ለአንድ መስኮት መሰላል ተሸክሞ መሄድ አያዋጣም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር።

ማሽኑ የሚጠብቀውን ቃል የመረጠው ግን ወንድማቸው ነው። ሰው "እፈልጋለሁ" ይላል፣ "እንፈልጋለን" ይላል፣ "ፈልጌ ነበር" ይላል። ሁሉንም እንዲይዝለት "ፈል" የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ ሰጠው። በዚህ ብልጠቱ ተኩራርቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ተሳዳቢ "ይሄ ቀለም ፍልፈል ይመስላል" ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ ስለፈለጉን እናመሰግናለን ብሎ የመስኮቱን ልክ ጠየቀው። እህታችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማሽኑን "ፀሐፊዬ" ይሉት ጀመር፤ "ፀሐፊዬ ምሳ አትወጣ፣ አትታመም፣ አታኮርፍ" እያሉ ለደንበኛ ያወሩ ነበር። ሥራው እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ሱቁ ዳነ።

ከሁለት ዓመት በፊት እህታችን ከሰማያዊ መጋረጃ አጠገብ ሜትራቸውን ካንገታቸው አንጠልጥለው የቆሙበት ፎቶ ተለጠፈ። ሦስት መቶ ያህል ሰው ኮሜንት ጻፈ። ከሦስት መቶው መካከል በቅጽል ስም የተከፈተ፣ የባለቤቱ ፎቶ የሌለበት አንድ ገጽ እንዲህ ብሎ ነበር፦ "እማዬ፣ እኔ ነኝ። እፈልግሻለሁ።"

ማሽኑ "ፈል" የሚለውን አገኘ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ስለፈለጉን እናመሰግናለን ብሎ የመስኮቷን ወርድና ቁመት ጠየቃት።

እናቷ ማሽን እንዳላቸው በምን ታውቃለች? "ወርድና ቁመት" በምትለው ቃል ነበር ከቤት የወጣችው። በአምስተኛው ቀን "ወርድ አንድ ሜትር ከአሥር፣ ቁመት አንድ ሜትር ከሠላሳ። ሁለቴ ለክቻለሁ። መስኮቴ አንድ ነው" ብላ ስልኳን ጨምራ ላከች። ማሽኑ ደርሶናል አላት፤ ከሦስት በታች በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስቀመጣት። ማንም አልደወለላትም። በየወሩ ግን "አዲስ ጨርቅ ገብቷል" የሚል መልእክት ሲመጣባት፣ በመጨረሻ የገጹ መልእክት እንዳይደርሳት ድምፁን ዘጋችው።

ባለፈው ዓመት እህታችን ምግብ አልረጋላቸው አለ። ለወራት ንቀውት ቆይተው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የጨጓራ ካንሰር ነው ተባለ፤ ከዚያም ሐኪሙ ቁርጡን ነገሯቸው። ሱቁን ለቆራጩ አስረክበው ተኙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድማቸውን "እነዚያን ትንንሾቹን አንብብልኝ። ባለ አንድ መስኮቱን ሁሉ ንቄ ኖሬያለሁ፤ እጄ እስኪዝል ለነሱ ልስፋ" አሉት። እሱም ስልኩን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነብላቸው ጀመር። ሦስት መጋረጃ በዚህ ሁኔታ ሰፍተው ሰጡ። አራተኛው ላይ "ሁለቴ ለክቻለሁ" የሚለውን ሲያነብ እጃቸውን አነሡ። "ይቺ ማን ናት?" አሉ።

ወንድማቸው ኮሜንቱን ፈልጎ አገኘ። ስልኩን ሰጣቸው። ሁለቱን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጊዜ ወስደው አነበቡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መልሰው ሲዞሩ የተናገሩት "ሜትሬን አምጣልኝ" ብቻ ነበር።

የላከችው ስልክ ሲደወልበት አገልግሎት ላይ የለም ይላል። በግል መልእክት ተጻፈላት፣ ከኮሜንቷም ሥር ተጻፈላት፤ ድምፁን ስለዘጋችው አላየችውም። እህታችን ከዚያ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አንድ ሜትር ከአሥር በአንድ ሜትር ከሠላሳ አስለክተው፣ የስፌት መኪናውን መርገጥ ስላቃታቸው በእጃቸው ሰፉ። አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። ጎረቤት "ማን ይወስደዋል እንዲህ ደክመውበት?" ሲላቸው "ያዘዘችው" ይሉ ነበር። አንድ ስንዝር ጠርዝ ሲቀራቸው ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ነው።

ወንድማቸው በዚያው ቀን የሞታቸውን ዜና ገጹ ላይ ለጠፈ። ማሽኑን ማጥፋት ትዝ አላለውም። "ሁልጊዜ እንፈልጋቸዋለን" ብሎ ያዘነው ሰው ሁሉ የመስኮቱን ልክ ተጠየቀ። ሰው ደውሎ ይህን ሲነግረው በድንጋጤ ሊያጠፋው ገባ፤ ቅር ያላችሁ ሁሉ ይቅር በሉት። ሊያጠፋው ሲል ግን በመጨረሻ የገባውን መልእክት አየ። ያ ቅጽል ስም ነበር። ዜናውን ከሰው ሰምታ ከሥሩ "እማዬን ማየት እፈልጋለሁ፤ የት ናት?" ብላ ጽፋለች። ማሽኑ ስለፈለጉን እናመሰግናለን፣ ወርድና ቁመት ይላኩልን ብሏታል። እሷም "ከዚህ በፊት ልኬያለሁ" ብላ መልሳለች።

ልጃቸው ትናንት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። መጋረጃው ተሰጣት። ያንን ክፍል ከለቀቀች ዓመት አልፏታል፤ የአሁኑ ቤቷ መስኮት ልኩ ሌላ ነው። እሷ ግን እንዲህ ነው እንዲያ ነው ሳትል፣ መርፌውን ሳትነቅል፣ አጥፋ ያዘችው። ወንድማቸው ስለ ሁለቱ ፊደላት ነገራት። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች እንጂ አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው በቀለለው ነበር።

ሣጥን የሚሠራው አናጺ ሲመጣ መለኪያውን ረስቶ ነበር። ልጃቸው ከግድግዳው ሚስማር ላይ የእናቷን ሜትር አወረደች፤ እሷው ለካች። ሁለቴ ለካች። ወርዱን ነገረችው፣ ቁመቱን ነገረችው፣ ሲጽፍም አጠገቡ ቆማ ወረቀቱን አየችበት።

እህታችን አንዲት ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ ሱቃቸውን የሚቀጥሉ አንድ ቆራጭና ሁለት ሰፊዎችን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ወርድና ቁመት ሳይጠይቅ ይቀበልልን፤ ሲጠሩትም እሱ ራሱ ይመልስላቸው።