እማዬ ስልኳ ላይ የምትከታተላት አውሮፕላንህ

ለምወድህ፣ ዘንድሮ ደግሞ አብዝቼ ለምቀናብህ ታናሽ ወንድሜ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ያ የጥርስ ሕመሟ ተሻላት ወይ? ትንሿ ልጅህ መሄድ ጀመረች ወይስ አሁንም ዳዴ ላይ ናት? እኛ ደህና ነን። እማዬን ከጉልበቷ በቀር የሚያማት የለም። የኔም ጤና ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ባንተ የተነሳ እርር ድብን ብሏል። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የእማዬን አመል ታውቀዋለህ። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ባለፈ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ በረንዳው ትወጣለች፣ በዚያ ጉልበቷ። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ «ልጄ አለፈ» ትላለች። አንተ ያለኸው ሌላ አገር እንደሆነ፣ የምታበረውም የአንድ ትንሽ ድርጅት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እንደሆነች ስንቴ ነግሬያታለሁ። ልብሷን የማጥበው እኔ፣ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ፣ አንገቷ እስኪጣመም የሚናፈቀው ግን አንተ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

እኔ ያው እዚያው የአውሮፕላን መድን ቢሮ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ የተጻፈውን የምዝገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አስገባለሁ፤ ፕሮግራሙ የማን ንብረት እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ ይዘረግፍልኛል። አየር ላይ ከሆነም የት እንደደረሰ በካርታ ያሳያል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ያንተንም ቁጥር አስገብቼ አየሁ። ለካ አውሮፕላንህ አሮጊት ናት፤ ከሁለት ድርጅት እጅ ተርፋ ነው እናንተ ጋ የደረሰችው። ደስ አለኝ። አትቀየመኝ፣ እውነቱን ነው የምጽፍልህ።

ታዲያ እማዬንም በዓይኗ አሳይቼ ልረፍ ብዬ ይህንኑ ነገር ስልኳ ላይ ጫንኩላት። በጣራችን ላይ የምታልፈው ዕቃ ጫኝ እንደሆነች፣ ባለቤቷም ሌላ ድርጅት እንደሆነ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «የሱን ቁጥር ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። እኔም ሞኟ ነገርኳት። በገዛ እጄ ጉድጓዴን ማስኩ እልሃለሁ። አሁን በረንዳው ቀርቷል፤ ስልኩ ግን እራት ላይ እንኳ ከሳህኗ አጠገብ አይጠፋም። «ተነሳ፣ ዞረ፣ አረፈ፣ ተመስገን» ትላለች። አንተ ሳታርፍ ሾርባዋን አትቀምስም። እኔም ከሥራ በሰላም ገባሁ እኮ፤ ለኔ ተመስገን ያለ የለም።

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ቀን ሌላ ከተማ ላከኝ፣ በአውቶቡስ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እማዬ ጋ እንድታድር ለመንኳት። እማዬ እስከ ጣቢያው ካልሸኘሁሽ ብላ ድርቅ አለች። ወንበሬን ይዤ ስቀመጥ እሷ ከአውቶቡሱ ኋላ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ምን እያልሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳት። አኩርፌ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ስትጨነቅ የነበረው ያንተ አገር ደመና ከበደ ብላ ነው። ስደርስም አልደወልኩም፤ ስልኬን ዘጋሁት፣ ማን ይፈልገኛል ብዬ።

ስመለስ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ተቀበለችኝ። «እናትሽ ጤና ነሱኝ» አለችኝ። እማዬ የአውቶቡሱን የሰሌዳ ቁጥር በቃሏ ይዛው ኖሯል። ቀኑን ሙሉ እዚያ የአውሮፕላን መፈለጊያ ላይ ስታስገባው ስልኩ «እንዲህ ያለ ቁጥር አልተመዘገበም» ይላታል። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ዜሮ ትጨምራለች፣ መልሳ ትቀንሳለች። በመጨረሻ ስልኩን ለልብስ ሰፊዋ አቀብላ «እሱንስ አየዋለሁ፤ እሷን የሚያሳየኝ አጣሁ» ብላ አለቀሰች። ያንተን ቁጥር አስገቢ ብትባል እንኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልጄ ትገኝ» አለች። ያን ዕለት የት እንዳረፍክ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ገብቼ አቀፍኳት፤ እሷም እንደ ሕፃን ፊቴን ዳበሰችኝ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ይህን የምጽፍልህ አንተም ትንሽ እንዲቆጭህ ነው።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ጥርሷን ቶሎ ትታይ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህንም እህቴ እጅ ነሥታለች በላቸው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች። እማዬ ከፍ ብለህ አትብረር ብላሃለች፤ እንዴት እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ።

ሰኞ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በአውቶቡስ ይልከኛል። እንደደረስኩ እደውልላታለሁ፣ አላስለቅሳትም። አውቶቡስ እዚያ የአውሮፕላን መፈለጊያ ውስጥ እንደማይገኝ ግን አልነገርኳትም። አንተም ስትደውል እንዳትነግራት፤ እስክደውል ድረስ እኔን ትፈልግ።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከበረንዳው
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፪