በስዕሉ ላይ የሌለው በር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4
በረዶው እየቀለጠ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ድንች ቀቅዬ ከአይብ ጋር በላን። ባሌ ባልዝ እንደ ልማዱ ሐይቁን በመስኮት ሲያይ ዋለ። ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነ ወዲህ ከቤት አልወጣም... ወደ መንገዱ ለመውጣት አሥራ አራት ደረጃ ነው። በሐይቁ በኩል ግን ወለሉ ከመሬት እኩል ነው። እዚያ በር ቢወጣ ባለ ጎማ ወንበሩን እየገፋሁ አወጣው ነበር። ነገ ለኮሚቴው አመለክታለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6
የቅርስ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኤርዊን ጋ ሄድኩ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ያ ስዕል ተሰቅሏል። በድንጋይ ማተሚያ ታትሞ በእጅ ቀለም የተቀባው፣ የአያት ቅድመ አያቶቻችን መንደር። በጣቱ ስዕሉ ላይ የቤታችንን ግድግዳ ነካ።
«በር ይታይዎታል፣ ወይዘሮ ሬጉላ?»
«ድርቆሽ የጫነ ጀልባ ከልሎት እኮ ነው! ከኋላው ምን እንዳለ በምን ታወቀ?»
«በስዕሉ ላይ የሌለ በመንደሩ የለም። ደንቡ ነው።»
ፈገግ ይላል ደግሞ! ሰዓሊው እንዲያምርለት ብሎ ተራራውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስጠግቶታል። ተራራ ማንቀሳቀስ ተፈቅዶ በር ማውጣት ይከለከላል? ደሜ ፈላ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7
ለባልዝ ነገርኩት። እሱም፣ «ደንቡን ማን ያወጣው መሰለሽ?»
እንዴት ረሳሁት? እሱ ራሱ! ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሊቀ መንበር ሳለ። ጎረቤታችን ፊዴስ ለአልጋ ቁራኛ እናቷ መስኮት ላውጣ ብላ ስትለምነው በዚሁ ስዕል ነው የመለሳት። እኔስ ያኔ ምን አልኩ? ምንም... በእሱም በራሴም ተናደድኩ።

ሚያዝያ 2
ነገሩን ለመንደሩ ጉባኤ አቀረብኩ። ባልዝ «ተይው፣ ፊዴስን በምን ዓይኔ ልያት?» ይላል። አልተውም!

ሚያዝያ 12
ጉባኤው ዛሬ ነበር። በሩ ለምን እንደሚያስፈልገን አስረዳሁ። አንዱ ከኋላ፣ «በሰፈረው ቁና ይሰፈርለት!» አለ። ሳቁ። ፊዴስ ተነሳች። አለቀልኝ አልኩ።
«እናቴ ግድግዳ ስታይ ኖራ ሞተች። የፈረደባት ባልዝ ነው፤ አልረሳሁለትም። ግን አንድ ሰው ይበቃል።»
እጇን አወጣች። ብቻዋን... ከዚያ ሌሎቹም። ሠላሳ አንድ ለሃያ ስድስት፣ አለፈልን።

ግንቦት 20
ግንበኛው ጨረሰ። ባልዝን ገፋሁትና ወጣን። ፀሐይ! ወደ ውሃው ላዞረው ስል፣ «አይ፣ ወደ ፊዴስ ቤት» አለኝ። ግድግዳዋ ሥር ባርኔጣውን አወለቀ። ፊዴስ ወጣች።
«መስኮቱን የት ጋ ነበር ያሰብሽው?» አላት።
መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። «እዚህ።»
«ማመልከቻውን እኔው ልጻፍልሽ?»
«አሁን ለማን?» አለችው።
ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኖረ። የወንበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።