ከላይ የሚወርድ ዘር

ሚያዝያ 6
ከድልድዩ በታች ያለውን ቆርጠን ጨረስን። እጄ ተላልጧል፣ ደስ ብሎኛል። ያ መጤ ዛፍ ግራና ቀኝ ገጥሞ ጅረቱን ውጦት ኖሯል... አሁን ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። አለቃችን ግን ፈገግ አላለችም። ሠራተኞቹ ከኋላዋ "እትዬ መጋዝ" ይሏታል። "መንገደኛ የሚያየውን አጸዳን" ብላ ሄደች። ምን ማለቷ ነው?

ሚያዝያ 21
ዘነበ። ያጸዳነው ዳር ሁሉ ቡቃያ ሆኗል። ማልቀስ አማረኝ። እትዬ መጋዝ አንዱን ነቅላ አገላብጣ አየችው። "ጎበዝ ነው እኮ። ዘሩን በውሃ ይልካል። ከላይ መጀመር ነበረብን፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች፣ በሁላችንም ፊት። እንዲህ ያለ አለቃ አይቼ አላውቅም። ለነገሩ የመጀመሪያዬ ናት።

ሚያዝያ 23
ወደ ላይ ወጣን። ዘሩን የሚያፈሰው ትልቁ ዛፍ... የአጎቴ። ቤቱ ጠባብና ጨለማ ስለሆነ ልብስ የሚሰፋው እዚያ ጥላ ሥር ነው። እኔን ያሳደገኝም በዚያ ስፌት።
"ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ..."
"ያስተማረሽ ዛፍ ነው" አለኝ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። "ተመርቀሽ ልትቆርጪው መጣሽ?"

ሚያዝያ 24
ጋሼ ያቀረብኩለትን ቁርስ ሳይነካ መኪናውን ይዞ ዛፉ ሥር ወጣ።

ሚያዝያ 28
እትዬ መጋዝ ልታስገድደው ትችል ነበር። ኮቷን ይዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።
"ቁልፉ ወልቆ ነው።"
"ቁልፍ መትከል አቅቶሽ ነው፣ ሴትዮ?"
"መጋዝ እንጂ መርፌ አይሆንልኝም።"
ሳቀ። ከዚያ ጋሼን ይዛ ወደ ታች ወረደች። ዛፉ ውሃውን ጠጥቶት ቦዩ የደረቀበትን አትክልተኛ አሳየችው። ጋሼ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። "የሠርጉን ሱፍ የሰፋሁለት ልጅ እኮ ነው" አለ።

ግንቦት 3
"መጋዙን አምጡ" ያለው ጋሼ ራሱ ነው። ዛፉ ወደቀ። ጉቶው ሳይደርቅ መድኃኒት ካልተቀባ መልሶ ያቆጠቁጣል። ብሩሹን ሳነሳ ከእጄ ወሰደው። ጠርዝ ጠርዙን፣ ጠብታ ሳያፈስ ቀባ። "ጀምሬ የተውኩት ልብስ የለም።" ይሄን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ነበር?

ግንቦት 19
ዘነበ። ጋሼ አሁን ቆርቆሮ ሥር ይሰፋል፤ ደንበኞቹ በሙቀቱ ያማርራሉ። ቦዩ ግን ውሃ ይዟል። ቀድሞ ከወረደው ዘር የበቀለውን ቡቃያ ልለቅም ስወጣ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከተለኝ። ቡቃያ ባገኘን ቁጥር ቆም ይላል።
"ይሄስ፣ የኔው ልጅ ነው?"
"ነው፣ ጋሼ።"
ጎንበስ ብሎ ይነቅላል።