የተደፉትን ሴሎች የቆጠሩት እናታችን

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በ1966 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በከተማው ትልቅ ሆስፒታል ተቀጠሩ። ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሱ ቢጠሯቸው ስለማይሰሙ ባልደረቦቻቸው «ቆጣሪ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም «እኔ መብራት ሲጠፋም እሠራለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የአምቡላንስ ሹፌር ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1987 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ከተማውን ሲያምስ፣ ቫይረሱ ሰውነትን የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሴሎች ይገድላቸው እንደሆነ ሆስፒታሉ ማጥናት ጀመረ። እናታችን ሴሎቹን ከቫይረሱ ጋር አቆይተው፣ አጥበው፣ ቀለም ጨምረው የሞተውን በሕይወት ካለው ይለዩ ነበር። ውጤቱ «አብዛኞቹ ይተርፋሉ» የሚል ሆነ። ኃላፊው ሐኪም ይህንኑ ለጉባኤ ሊያቀርቡ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ እናታችን ሊደፉት የያዙት የእጥበት ውሃ ድፍርስ ብሎ ታያቸው። ክው አሉ። ሴሎቹ በሕይወት ሳሉ ከሳህኑ ወለል ጋር ይጣበቃሉ፤ ሲሞቱ ግን ይላቀቃሉ። የተላቀቀው ደግሞ አብሮ ሲደፋ ኖሯል።

እናታችን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ዶክተር፣ የቆጠርኩት የተረፉትን ብቻ ነው። የሞቱትን ከእጥበቱ ጋር ደፍቻቸዋለሁ።»

«ስምንት ወር ሙሉ?»

«ስምንት ወር ሙሉ።»

«ጥፋቱ የማን እንደሚባል ያውቃሉ?»

«የኔ ነዋ! ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢያባርሩኝም ያባሩኝ፤ ብቻ ይደገም።»

ኃላፊው የቀን መቁጠሪያውን አዩና «ሦስት ቀን አለዎት» አሉ።

ትኩስ ደም ያስፈልግ ነበር፤ የክፍሉ ሰው ግማሹ ታሟል። አባታችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «አሥራ ስድስት ዓመት ስታፈዪው የኖርሽውን ደም ዛሬ ውሰጂው» አሏቸው። እናታችን ግን አልሳቁም።

በሦስተኛው ቀን የእጥበቱን ውሃ ጠብታ ሳያስቀሩ ሰብስበው፣ በማሽን አሽከርክረው፣ ዝቃጩ ላይ ቀለም ጨመሩበት። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ቫይረስ ካልነካው ሳህን የሞቱት ጥቂት ነበሩ፤ ከነካው ግን ከግማሽ በላይ። ከማይክሮስኮፑ ተነሥተው ለኃላፊው ቦታ ለቀቁላቸው። ኃላፊው አጎንብሰው ቆጥረው ቀና ሲሉ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር።

ለጉባኤው የተዘጋጀው ጽሑፍ እንዳይቀርብ ተሰረዘ። ኃላፊው ለሁለት ዓመት ከሰላምታ በቀር አላናገሯቸውም። የታረመው ጥናት ሲታተም ግን የእናታችን ስም ከሐኪሞቹ ስም ጋር ሰፍሮ ተገኘ። ያስገቡት ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ።

እናታችን በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሙ ሊያጽናኗቸው ሲሞክሩ «አያባብሉኝ፤ የምርመራውን ወረቀት አይቼዋለሁ» ይሉ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ደጃፉን ከፍቶ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ለአባታችንም ባዶውን ቤት የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን።