እቶኑን ስላቀዘቀዘው ውሃ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ሲልቬስተር ሲያሜ፣
የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ በሙሉ እንቅልፍና በጥሩ የምግብ ፍላጎት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ሦስቱም ከቤቴ ከወጡ ወዲህ ዋጋቸውን በሚገባ ስለተረዳሁ፣ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ኤስናርት ንኮሌ እባላለሁ። በፋብሪካው ቤተ ሙከራ የማቀዝቀዣውን ውሃ የምመረምር ኬሚስት ነበርኩ፤ ባለቤቴ ካፔምብዋ ደግሞ ያ ውሃ በሚያቀዘቅዘው እቶን ፊት ቆሞ ቅልጥ መዳብ የሚያወርድ ሠራተኛ ነበር። ለሁለታችንም የዋሉልንን ውለታ ቢሮዎ ቀርቤ ልዘረዝር ፈልጌ፣ ጸሐፊዎ ቀጠሮ እንደሌለኝ ስለነገሩኝ በአደባባይ ማመስገን ግድ ሆኖብኛል።

፩. በመጀመሪያ፣ ከድካም ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት በየጠዋቱ ከማቀዝቀዣው ማማ ሥር ውሃ እየቀዳሁ፣ ቀይ ቀለም የያዘው ውሃ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ድረስ መድኃኒት በጠብታ እጨምርበት ነበር፤ ብዙ ጠብታ ከፈጀ ውሃው ውስጥ ኖራ በዝቷል ማለት ነው። ከመሬት የምንስበው ውሃ ከመነሻውም ኖራማ ነው፤ ማማው ላይ ሲተን ደግሞ የሚሄደው ውሃው እንጂ ኖራው አይደለም። ስለዚህ ከፊሉን እያፈሰስን፣ በጨው እየታጠበ ኖራውን በሚያስቀረው ማለስለሻ ያለፈ ንጹሕ ውሃ እንተካ ነበር። እርስዎ ማፍሰሱ ብክነት ነው ብለው መውጫውን አዘጉ፣ የጨው ግዢውን አስቀሩ፣ ምርመራውንም በሩብ ዓመት አንዴ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻዬን ተረጋግቼ ጠጥቻለሁ።

፪. ሁለተኛ፣ በራስዎ አንደበት ስላስተማሩኝ። ቢሮዎ ገብቼ፣ ኖራው በእቶኑ ግድግዳ ውስጥ ባሉት ቧንቧዎች ላይ እየጋገረ መሆኑን፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ሲያቅተው ቧንቧው እንደሚቃጠል፣ ውሃው ከቅልጥ መዳብ ጋር ከተገናኘ ደግሞ እቶኑ እንደሚፈነዳ በነገርኩዎ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ወይዘሮ ኤስናርት፣ የቤትሽ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነው አይደል? ታዲያ ሻዩ መፍላት አቆመ?» አሉኝ።

«ማንቆርቆሪያው ፊት ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው የለም፣ ክቡርነትዎ። እዚህ ግን ባሌ ቆሟል» ብዬ መለስኩ።

«እንግዲህ የባልና የሚስት ጉዳይ እዚህ ቢሮ አይታይም!» አሉ። አብረውዎ የተቀመጡት ኃላፊዎች ሳቁ። ቀልዱን ማንም አልረሳውም፤ እኔማ በተለይ።

፫. እንደ ካፔምብዋ ያለ ግትር ሰው ቀጥረው በማቆየትዎም ሊመሰገኑ ይገባል። ያን ዕለት ራት ላይ፣ ወደ ግምጃ ቤት እንዲያዛውሩት እንዲጠይቅ ለመንኩት። የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ በጣቶቹ እየጠቀለለ፣ «እኔ ስወጣ ማን ይቆማል?» አለኝ።

«ሌላ ሰው።»

«ያ ሌላ ሰው ሚስት የለችውም?» ብሎ የዓሣውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ብዪ እንጂ፣ የሙታሌ እናት። ይቀዘቅዝብሻል።»

፬. ቧንቧው የተቃጠለው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰዉ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ነው። የቤተ ሙከራው መስኮቶች ሲረግፉ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ስሮጥ አንድ ጫማዬ ወልቆ ቀረ፤ የጥበቃ ሠራተኞችም በሩ ላይ ይዘው አስቀሩኝ። የቀረውን የነገሩኝ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌው ባ ቺሳላ ናቸው፤ ሆስፒታል ተኝተው።

«ወጥቶ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «በመጀመሪያው ፍንዳታ ሁላችንም ወደ ደረጃው ስንሮጥ እሱም ወጥቶ ነበር። እኔን የወደቀ ብረት እግሬን ይዞኝ ስጮህ ሰማኝና ተመለሰ። ‹ተወኝ፣ ሂድ!› አልኩት። ‹ዝም ይበሉ ሽማግሌው፣ ከባድ ነዎት፣ ትንፋሼን አያስጨርሱኝ› አለኝ። ደረጃው ድረስ ጎትቶ ለወጣቶቹ ሠራተኞች አቀበለኝ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምንም ያጠፉት ነገር ሳይኖር «ይቅር በይኝ» አሉኝ፤ እኔም እጃቸውን ያዝኩ። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ቢሮ እስካሁን ያልሰማሁትን ቃል የሰማሁት ከእኒህ ሰው ነው።

፭. ስለ አጣሪ ኮሚቴዎ ትጋትም አመሰግናለሁ። ውጤቱ በሠራተኞች አዳራሽ ሲነበብ፣ ባለቤቴ «በአደጋው ወቅት በተከለከለ ሥፍራ ተገኝቷል» ተባለ። ባ ቺሳላ የወደቁበት ቦታ የተከለከለ መሆኑን ካፔምብዋ አለማስተዋሉ በእርግጥ ያሳዝናል። ስለ ውሃው ግን አንድም ቃል አልተነበበም። የተቃጠለው ቧንቧ ሲቆረጥ ቆሜ አይቻለሁ፤ አውራ ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ በኖራ ተደፍኖ የክብሪት እንጨት እንኳ አላሳልፍ ብሏል።

፮. ጨው የጫኑት መኪኖችዎ የደረሱት በቀብሩ ዕለት ነው። ከመቃብር ስንመለስ መንገዱን ለቀቅንላቸው። አማቴ በክንዴ ተደግፈው፣ «ምንድን ነው የጫኑት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጨው ነው፣ እማማ።»

«ለለቅሶው ቤት ነው? እግዜር ይስጣቸው» አሉ።

እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ሰው እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም፤ ማለስለሻው እንደገና መሥራቱን፣ ምርመራውም በየቀኑ መሆኑን ሰምቼ በእቶኑ ፊት ለቀሩት ደስ ብሎኛል። የምለምንዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ «በተከለከለ ሥፍራ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያሰርዙልኝ። ልጃችን ሙታሌ ዘንድሮ ማንበብ ጀምራለች።

የከበረ ጊዜዎን በለቅሶዬ ስላባከንኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ቤትዎ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን፣ ባለቤትዎም በር በር እያዩ የማይመሽባቸው እንዲሆኑ እመኛለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ውሃዎን ትመረምር የነበረችው
ኤስናርት ንኮሌ፣ የካፔምብዋ ሚስት

ተጨማሪ፦ በሰሜን ምዕራብ በኩል የሚከፈተውን አዲሱን ማቅለጫ እንዲመሩ በሹመት መመረጥዎን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። እዚያ እቶን ፊት የሚቆሙት ወንዶች ሚስቶች ማንነትዎን ሳያውቁ እንዳይቀበሉዎ ሰግቼ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ አስቀድሜ ልኬላቸዋለሁ። መልሳቸው ደርሶኛል፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርስዎ የሚገቡት መቼ እንደሆነ።