ጫልቱ የጠገነቻቸው ልብሶች

ይድረስ ለእናቴም ለእህቴም ለሆኑት ለእትዬ በለጥሻቸው፤

ሰላምታዬ እፊትዎ ቀርቤ ጉልበትዎን የሳምኩ ያህል ሆኖ ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት ወይስ የዘንድሮው ብርድ ቀሰቀሰብዎት? ጋሼ ዘመንፈስቅዱስስ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ልጆቹስ? አዝመራውስ እንደተመኙት ገባ? እኔ፣ ባለቤቴ ፀደይና ልጃችን ሶፊ ከናፍቆትዎ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ሶፊ መናገር ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ዝም ብሎ አያውቅም።

በርበሬ ይዞ ጎጃም በረንዳ ከመጣው ነጋዴ ጋር የላኩልኝ ደብዳቤ በደህና ደርሶኛል። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛውንም በጎ አድራጎቱንም አንድ ላይ ይማራሉ ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወሩልኝ ሳነብ ግን አፈርኩ። በጥቅምት የጻፍኩልዎ ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አልነገርኩዎትም፤ ሳልነግርዎ ምስጋናዎን መቀበል ከበደኝ።

እንደሚያውቁት ሰባተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ልጆቹ እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ሲማሩ ይቆዩና እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ሰሌዳ ላይ ጽፌ እየጮሁ የደገሙትን ቃል በማግስቱ ብጠይቃቸው ጠፍቶ ይገኛል። እንግዲያው ቃሉን በእጃቸው ሥራ ላስይዛቸው አልኩ። ከየሰፈራቸውና ሰልባጅ ከሚሸጡ ነጋዴዎች አሮጌ ልብስ ሰበሰቡ፤ አጠቡ፣ ሰፉ፣ አጠፉ። የሚያጥበው «ዋሽ» እያለ ያጥባል፤ የሚሰፋው «ሜንድ» እያለ ይሰፋል። ልብሱ በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን ችግረኛ ልጆች ይታደላል። ቃሉ ቀረላቸው፤ እኔም እውነቱን ልንገርዎ፣ ትልቅ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የበለጠችው ጫልቱ የምትባል ልጅ ናት። ከጅማ ወገን የመጣች ናት፤ አክስቷ እትዬ ሐዋ እህል በረንዳ ለነጋዴዎች እህል እያበጠሩ ያሳድጓታል። አማርኛዋ ላይ ስለሚስቁባት ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም ነበር። መርፌ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አንድ ቀን የተተረተረ ሹራብ ይዛ መጥታ፣ ይህ ተቀዷል፣ እኔ እጠግነዋለሁ ብላ በጠራ እንግሊዝኛ ስትነግረኝ ተገርሜ የክሩን ጥቅል አስረከብኳት። ከዚያ በኋላ ክሩን የምታካፍለው፣ ስፌቱ የላላውን የምታስደግመው እሷ ሆነች። የሳቁባትም ልጆች «ጫልቱ፣ ይሄስ?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሊዘጋ ሲል ዳይሬክተራችን እደላው በወላጆች ፊት ይሁን አሉ። እኔ ደግሞ ለቃል ትምህርቱ ይመቻል ብዬ በካርቶን ላይ ሁለት ቃል በትልቁ ጻፍኩ። በአንዱ በኩል የሚሰጡት ልጆች ለጋሽ ከሚለው ቃል ሥር ይቆማሉ፤ በሌላው በኩል የሚቀበሉት «ኒዲ» ከሚለው ሥር። ችግረኛ ማለት ነው። ይህ የማንም ሐሳብ አልነበረም፤ የራሴ ነው።

በዋዜማው የጫልቱ ጫማ አፉን ከፍቶ በገመድ ታስሮ አየሁ። ደስ ይላት ይሆናል ብዬ ስሟን ከሚቀበሉት ጋር ጨመርኩ። አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም ትዝ አላለኝ።

በዕለቱ ጫልቱ ያጠፈችውን ልብስ ታቅፋ ከሚሰጡት መካከል ቆማለች። ስሟ ሲጠራ ልትመሰገን መስሏት እየሳቀች ወጣች። ዳይሬክተሩ ጫማና ሹራብ አስታቀፏትና ትከሻዋን ይዘው ወደ ሌላው ሰልፍ አዞሯት። ክፍሉ እንዳስለመድኩት ካርቶኑን በአንድ ድምፅ አነበበ። ወላጆች አጨበጨቡ። እትዬ፣ ያ የሳቀ ፊት እንዴት እንደጠፋ እኔ ነኝ ያየሁት፤ እኔም ከሌላው ጋር እያጨበጨብኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቀረ። በበሩ ስትገባ «ኒዲ መጣች» ይላሉ። ሌላውን ቃል ሁሉ እያጣመሙ የሚጠሩ ልጆች ይህቺን አሳምረው ይጠሯታል። ተቆጣሁ፣ አስጠነቀቅሁ፣ አንዱን ከክፍል አስወጣሁ፤ ብሶ ቁጭ አለ። በፈተናውም ያንን ቃል የሳተ አንድም ተማሪ አልነበረም። እሷ ጥቂት ቀን ተመላለሰች። ከዚያ ጫማውና ሹራቡ በፌስታል ታስሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ልጅቷም ቀረች።

ፀደይ «እዚህ ከምትብሰለሰል ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ» አለችኝ። እህል በረንዳ ስደርስ እትዬ ሐዋ ወንፊታቸውን ይዘው ጤፍ ይነፋሉ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ማንነቴን ስነግራቸው ወንፊቱን አስቀመጡና የሚቀመጥበት ጆንያ አነጠፉልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ የሰው ልብስ ስትሰፋ ‹አክስቴ፣ ለተቸገሩ ልጆች ነው› ትለኝ ነበር» አሉኝ። «እኛ እኮ በእሷ ዓይን የተቸገርን አልነበርንም። እየሠራሁ አበላታለሁ። ጫማ ማምጣቱን አልጠላሁም፤ ድሃ ነኝ፣ እቀበላለሁ። ግን ቤቴ በር አለው አይደለም እንዴ? ሰው መሀል ምን አስወጣት?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ «እዚያ ግን አልመልሳትም።» ለመንኳቸው፤ ሊሰሙኝ አልፈለጉም። እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሐዋ መልቀቂያዋን ሊወስዱ መጡ። ኮልፌ አካባቢ ሌላ ትምህርት ቤት አግኝተውላታል፤ መንገዱ ለእግሯ ሩቅ ነው። ዳይሬክተሩ እዚያም እንድትረዳ ብለው ችግሯን አስተያየቱ ላይ ሊጽፉ ብዕር ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። ውጤቷ ብቻ ተጻፈ።

ጫልቱ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዝቅ ብዬ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ምንም አይደል ቲቸር» አለችኝ መሬት መሬት እያየች። ተሰናብቼ ልመለስ ስል ግን ጠራችኝ። ሦስተኛ ክፍል ላለው ለጃፋር የለየችው ኮት ቁልፎቹ ሳይተከሉ ቀርተው እንደነበር ነገረችኝና፣ «አስተከላችሁለት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም ነበር። እያወቅኩ እንደሆነ ሁሉ «እናስተክልለታለን» አልኳት። አክስቷ እጇን ይዘው በጋሪዎቹ መሀል አልፈው ሄዱ።

ከእንግዲህ ካርቶን የለም፣ ሰልፍም የለም፤ የሚሰጥ ነገር ሲኖር ወላጅ ተጠይቆ በየቤቱ ይደርሳል። ይህን ዛሬ ማወቄ ለጫልቱ ምንም አይፈይድላትም። ጫልቱን በሸኘን ማግስት በእረፍት ሰዓት ጃፋርን ፈልጌ አገኘሁት። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ እሱ በአንድ እጁ ቁልፍ የሌለውን ኮቱን ደረቱ ላይ ጨብጦ ይዞ በሌላው እጁ ብቻ እየተከላከለ ይሮጣል።

እትዬ፣ ሐዘኔን ስለጫንኩብዎ አይቀየሙኝ። ለጋሼ ዘመንፈስቅዱስ ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ማሚቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስምንተኛን ስትጨርስ እኔ ጋ እንደምትመጣ ይንገሯት። ደብዳቤዎን የጻፈልዎን በሪሁንን አጎትህ ጽሑፍህን አይቶ ኮራብህ ይበሉልኝ። ፀደይ እጅ ነስታለች፤ ሶፊም ስምዎን እየተኮላተፈች ትጠራለች።

ታናሽ ወንድምዎ ዘውገ

አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፤ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.